ባለጉዳዩ ምን ሊፈጽም መጣ? የመንግሥት ድረ ገጽ ይዘት ለሚያቅዱ

ከደቅ ደሴት ወይም ከዘጌ በጀልባ ተነሥቶ ባሕር ዳር የደረሰ ባለጉዳይ፣ ተራውን ጠብቆ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ «ሁለት ጉርድ ፎቶ ይጎድላል» ቢባል የሚያጣው ግማሽ ቀን ብቻ አይደለም። የጀልባው ሒሳብ አለ፤ የምሳው አለ፤ የመመለሻው ጀልባ ካመለጠውም የአዳሩ አለ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ቀን ሥራ ፈትቶ መመለስ ይጠብቀዋል። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ግን ከቤቱ ሳይነሣ ልትደርሰው ትችል ነበር። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ መለኪያው ያስቀረው ምልልስ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚሟገትለትም ሐሳብ ይኸው ነው። የተጻፈው በከተማ አስተዳደር፣ በክፍለ ከተማ ወይም በክልል ቢሮ ውስጥ በኮሙኒኬሽን ወይም በአይሲቲ ክፍል ሲሠሩ «ድረ ገጻችን በአዲስ መልክ ይዘጋጅ» የሚል ደብዳቤ ለተመራልዎ ለእርስዎ ነው።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው የታወቀ ነው። ለየሥራ ክፍሉ «መረጃችሁን እስከ ዓርብ ላኩልን» የሚል ማስታወሻ ይበተናል፤ ክፍሎቹም ስለ ራሳቸው ይጽፋሉ። ራዕይ፣ ተልእኮ፣ እሴቶች፣ የዳይሬክቶሬቱ ተግባርና ኃላፊነት፣ የኃላፊው መልእክት ከነፎቶው ይሰበሰባል፤ የድረ ገጹ ማውጫም የመሥሪያ ቤቱን መዋቅር ይዞ ይወጣል። በዚህ ውስጥ ክፋት የለም፤ የተጠየቁትን ነው የመለሱት። ባለጉዳዩ ግን የሚፈልገው የቤቱን ካርታ በስሙ ማዛወር፣ የልጁን ልደት ማስመዝገብ፣ ንግድ ፈቃዱን ማሳደስ ነው። ጉዳዩ የየትኛው ዳይሬክቶሬት እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለበትም፤ ቢያውቅም መዋቅሩ በየጊዜው ይለዋወጥበታል። ባሕር ዳር ስድስት ክፍለ ከተሞች፣ እንዲሁም እንደ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ፣ መሸንቲና ዘንዘልማ ያሉ ሳተላይት ከተሞች ስላሏት የነዋሪው የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ጉዳይ የሚያልቀው በቀበሌ ነው፣ በክፍለ ከተማ ነው ወይስ በከተማው አስተዳደር?» የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የማይመልስ ድረ ገጽ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም፣ ነዋሪውን ከመንገድ አላዳነውም።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የዜጎች ቻርተር ልብ ብለው ይመልከቱት፦ አገልግሎቱ፣ የሚሰጥበት ቦታ፣ ከተገልጋይ የሚጠበቅ ቅድመ ሁኔታ፣ የሚወስደው ጊዜ፣ ክፍያው። ይህ ሰንጠረዥ የተዘጋጀው ባለጉዳዩ ሊያደርግ ከመጣው ነገር ተነሥቶ ነው። ጉድለቱ የተሰቀለበት ቦታ ላይ ነው፤ የሚነበበው ጉዞው ካለቀ በኋላ ነውና። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም የበርካታ ተቋማትን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲያመጣ ያው ሐሳብ በሕንፃ መልክ ተተግብሯል። ከባሕር ማዶ የሚጠቀሰው ደግሞ የብሪታኒያ መንግሥት ነው፤ በፈረንጆቹ ጥቅምት 2012 ለዜጎችና ለነጋዴዎች ለየብቻ የነበሩትን ሁለት ትልልቅ ድረ ገጾች በአንድ ሲተካ፣ አዘጋጆቹ እያንዳንዱን ገጽ «ይህ ለማን፣ ምን ለማድረግ ይጠቅማል?» እያሉ መረመሩ፤ መልስ ያልተገኘለትንም አላሸጋገሩም። ከዚያ ሥራ ለእኛ የሚበጀው ትምህርት ይህ የመተው ድፍረት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ቴክኖሎጂውን በገንዘብ መግዛት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሥራ ኮምፒውተር አይፈልግም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ባለጉዳዩ የሚጠይቀውን ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰብስቡ። ከኃላፊዎች ሳይሆን በር ላይ ካለው ጥበቃ ይጀምሩ፤ የሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቀጥሎ መረጃ ዴስክ፣ መዝገብ ቤት፣ የስልክ ማዞሪያ አለ። ከግቢው ውጭም ይውጡ፦ በአጥሩ ሥር ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጻፊዎች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ፣ ጉዳይ አስፈጻሚዎቹ ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ባልተናነሰ ያውቃሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የትኛው ወረቀት ስንት ኮፒ እንደሚጠየቅ በቃሉ ይነግርዎታል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚጠይቀው መረጃ ሁሉ መሥሪያ ቤቱ በነፃ ሊሰጠው የሚገባ ነበር፤ ስለዚህ ያንን በተለይ ይመዝግቡ። በመሥሪያ ቤቱ የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ላይ ከዜናው ሥር የሚጻፉ አስተያየቶችም ትልቅ ሀብት ናቸው፤ ስብሰባውን ከሚያወሳው ዜና በታች «ካርታ የጠየቅነው መቼ ነው የሚሰጠን?» የሚል ካለ፣ ያ ሰው የሚፈልገው ገጽ የለም ማለት ነው። ሁሉንም በጠያቂው አነጋገር ይጻፉት፤ «የይዞታ ማረጋገጫ» ብለው አያቃኑት፣ «ካርታ» ካለ «ካርታ» ይሁን። በወረቀቱ ላይ ሦስት ዓምዶች ይበቃሉ፦ ምን ሊያደርግ መጣ፣ ምን ጎደለው፣ በዕለቱ ጨረሰ ወይስ ተመለሰ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሰበሰበውን ሲደምሩት ጥቂት ጉዳዮች አብዛኛውን ሰልፍ እንደያዙ ያያሉ። እነዚያን፣ ከዐሥር ያልበለጡትን፣ ለይተው ያውጡ፤ ፊተኛው ገጽ የእነሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዛት ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይችልም። በዓመት ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠይቀው፣ ግን ሲሳሳቱበት ብዙ የሚያስከፍል ጉዳይ አለ፤ ከሩቅ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ስሕተቱ በእጥፍ ይከብዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ጉዳይ በሁለት ይመዝኑት፦ ስንት ሰው ይጠይቀዋል፣ ተሳስቶ ቢመለስስ ምን ያህል ያጣል?

ዝርዝሩ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ይለያያል፤ ጣና ዳር ሲሆን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የባህልና ቱሪዝም ሥራ የሚሠሩ ከሆነ በድረ ገጽዎ ላይ ስለ ገዳማቱ ታሪክና ሥዕል ረጅም ጽሑፍ ሊኖር ይችላል፤ ታሪኩ ክቡር ነው፣ ይቀመጥ። ጧት ከሆቴል ወጥታ ወደ ጀልባ ማረፊያው የምትሄደው እንግዳ ግን ልትወስነው ያለችው ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ዘጌ ላይ ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይገባበታል። ይህን ከጀልባ ወርዳ ማወቋ ከንቱ ድካም ነው። የጀልባ ታሪፍ፣ የመነሻ ሰዓት፣ የገዳሙ መግቢያ ክፍያ፣ የአለባበስ ሥርዓት ከታሪኩ በፊት ይቅደሙ። የዓሣ ሀብት ባለሙያ ከሆኑ ደግሞ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ከጣና ነጭ ዓሣዎች በርካታዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ፤ አሥጋሪው ሊያውቅ የሚገባው በየትኛው ወር፣ በየትኛው ቦታ፣ በምን ዓይነት መረብ ማሥገር እንደተከለከለና ፈቃድ ከማን እንደሚወሰድ ነው። ጣና በፈረንጆቹ 2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መመዝገቡ የሚያኮራ ነው፤ አሥጋሪው ነገ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል ግን ከዚያ ዜና አይረዳም።

የተመረጠውን እያንዳንዱን ጉዳይ አሁን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስቀምጡ፦ «እኔ እንዲህ ያለሁ ሰው ነኝ፤ ይህን ማድረግ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ለዚህ ያስፈልገኛል።» ለምሳሌ፦ «ልጄን ቤት ውስጥ የወለድኩ እናት ነኝ፤ የልደት ምስክር ወረቀት ማውጣት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ልጄን ትምህርት ቤት ሳስገባ እጠየቃለሁ።» በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ስም ከገባ ይጠራጠሩ። «ነዋሪው የቢሮውን ራዕይ ማወቅ ይፈልጋል» የሚል ነገር ከመጣልዎት ወደ መዝገብዎ ይመለሱ፤ በመስኮት በኩል አንድም ሰው ካልጠየቀው ፍላጎቱ የራሳችን ነው።

ይህችን እናት ይዘን እስከ መጨረሻ እንሂድ፤ አብዛኛው ብልሃት ያለው እዚህ ነውና። ስለ ወሳኝ ኩነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ ይደነግጋል፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። በተለመደው አጻጻፍ ገጹ የሚከፈተው ምዝገባው ለልማት ዕቅድ፣ ለፍትሕና ለስታቲስቲክስ ስላለው ፋይዳ በሚያትት አንቀጽ ነው። እናቲቱ ግን ሕፃን ታቅፋ በስልኳ እያነበበች ነው። የመጀመሪያው መስመር «ልጅዎን በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ» ይበል። ሁለተኛው የት እንደምትሄድ ይንገራት፤ «ወደሚመለከተው አካል» የሚል አባባል ጨርሶ አይግባ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት የት እንዳለ፣ የትኛው ቢሮ ቁጥር፣ በየትኞቹ ቀናት መዝጋቢው እንደሚገኝ ይጻፍ። ሕጉ የክብር መዝገብ ሹም የሚለው ሠራተኛ እናቲቱ ፊት ለፊት የምታገኘው መዝጋቢ ስለሆነ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ስም የትኛው እንደሆነ ይነገራት። ከዚያ ማን መቅረብ እንዳለበት፣ ምን ዋና ቅጂና ስንት ኮፒ እንደሚያዝ፣ የፋይዳ ቁጥር ይጠየቅ አይጠየቅ፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በቴሌብር ይቻል እንደሆነ፣ ወረቀቱ በዕለቱ ይሁን በቀጠሮ እንደሚሰጥ ይከተል።

እስከዚህ ያለውን የግድግዳው ቻርተርም ሊነግራት ይችላል። ሰው የሚመለሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ «ከሆነስ?» ላይ ነው። ልጁ ጤና ተቋም ውስጥ ካልተወለደ የጤና ተቋሙን ማሳወቂያ ምን ይተካዋል? 90ው ቀን ካለፈ ቅጣት አለ፣ ምስክርስ ያስፈልጋል? አባትየው በአካል መቅረብ ካልቻለ ምን ማምጣት ይቻላል? ወላጆቹ ነዋሪነታቸው ሌላ ወረዳ ሆኖ ልጁ ባሕር ዳር ሆስፒታል ውስጥ ቢወለድ የሚመዘገበው የት ነው? እነዚህን ከመዝገብዎ «ምን ጎደለው» ከሚለው ዓምድ ያገኟቸዋል። እያንዳንዱን በአንድ አጭር አንቀጽ ይመልሱ፤ መልሱን ከራስዎ አይፍጠሩ፣ ሥራውን በየቀኑ ከሚሠራው መዝጋቢ ጋር ቁጭ ብለው ይጻፉ፣ ከመመሪያው ጋርም ያስተያዩ። የአዋጁ ቁጥር ከታች ይቀመጥ፤ ለሚሟገት ሰው ያስፈልገዋል።

ስለ አጻጻፍ ጥቂት ነገር። ርእስ ላይ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ያስቀድሙ፣ ሕጋዊውን ያስከትሉ፦ ካርታ፣ ቲን ቁጥር፣ ክሊራንስ። በፊደል ምርጫ ምክንያት ፍለጋው ባዶ እንዳይመለስ «ሠርተፍኬት» እና «ሰርቲፊኬት»፣ «ጽሕፈት» እና «ፅህፈት» ብሎ የሚጽፈውም እንዲያገኘው ባለሙያውን በግልጽ ይጠይቁ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን ለይቶ የማይፈልግ መፈለጊያ ማዘጋጀት ከባድ ሥራ አይደለም። ውጭ አገር ሆኖ ውክልና የሚልክ ዘመድ ሊያነበው የሚችለው ገጽ ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፉ፤ «2:30» ብቻ ከማለትም «ከጧቱ 2:30 በኢትዮጵያ ሰዓት» ይበሉ። ማህተም የተረገጠበትን ደብዳቤ ስካን አድርጎ መለጠፍ በጣም የተለመደ ነው፤ ጽሑፉ በፍለጋ አይገኝም፣ ስልክ ላይ አይነበብም፣ ለማውረድም ዳታ ይበላል። ጽሑፉን መልሰው ይተይቡት። የግዕዝ ፊደል በፈረንጆቹ 1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ ሰነድ ካለም በብዙ ስልኮች ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይመጣልና እሱም እንዲሁ።

ተቃውሞ ይገጥምዎታል፤ የሚገጥመውም በአብዛኛው ከመልካም ሰዎች ነው። «የኃላፊው ጉብኝትና የሥራ አፈጻጸማችን የት ይግባ?» የሚሉ ይኖራሉ። የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ማግኘት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መንግሥታዊ አካላት ስለ ሥራቸው መረጃ ለሕዝብ እንዲያወጡ ያስገድዳል፤ መዋቅሩም፣ ሪፖርቱም፣ ዜናውም ቦታ ይኑራቸው። ጋዜጠኛና ተመራማሪ ይፈልጓቸዋል፣ እነሱም ባለጉዳዮች ናቸው። ጥያቄው የቅደም ተከተል ነው፤ ፊተኛው ገጽ ላይ መስኮቱ ላይ የሚሰለፈው ሰው ይቅደም።

ከዚህ የበረታው ተቃውሞ «መመሪያ ይለዋወጣል፤ ከጻፍነው ያስይዘናል» የሚለው ነው። እውነት አለው። የገቢ ግብር አዋጁ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ሲሻሻል፣ ከአንድ ወር በፊት ስለ ግብር የተጻፈ ገጽ ሁሉ እንደገና መታየት ነበረበት። ያረጀ ገጽ ደግሞ ከሌለ ገጽ ይከፋል፤ ሰውን በልበ ሙሉነት ያሳስተዋልና። መፍትሔው እያንዳንዱ ገጽ በስሙ የሚጠየቅ አንድ ሠራተኛ እንዲኖረው፣ ከላይ «ለመጨረሻ ጊዜ የታየው» የሚል ቀን እንዲይዝ፣ አዲስ መመሪያ ለሠራተኛው ሲበተን ለድረ ገጹ ኃላፊም ግልባጭ እንዲደርሰው ማድረግ ነው። ብዙ ገጽ ይዞ ይህን መጠበቅ አይቻልም፤ ዐሥር ገጽ ግን ይጠበቃል። «ያስይዘናል» ለሚለው ግን ማባበያ አያስፈልገውም፦ አዎ፣ ማስያዝ አለበት። ሲጽፉ አንዱ ክፍለ ከተማ ሦስት ወረቀት፣ ሌላው ለዚያው ጉዳይ አምስት ወረቀት የሚጠይቅ ሆኖ ያገኙት ይሆናል። ያን ጊዜ ለማስታረቅ «እንደ አስፈላጊነቱ» ብለው አይለፉ። ልዩነቱን በጽሑፍ ለኃላፊው ያቅርቡና ውሳኔ ይቀበሉ። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ፍሬ ይኸው ነው፤ ገጹ ሳይወጣ እንኳ አሠራሩን ያስተካክላል፣ ለእጅ መንሻ የሚተወውንም ክፍተት ያጠባል።

ሦስተኛው «ሕዝቡ ኢንተርኔት የለውም» የሚለው ነው። በአማራ ክልል ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ይህ ተራ ሰበብ አይደለም። ግን የሚያቅዱት ይዘትን ነው፤ ድረ ገጹ አንዱ ማውጫ በር ነው። በትክክል የተጻፈ የልደት ምዝገባ ገጽ በአንድ ኤ ፎር ወረቀት ታትሞ በዘጌ ቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ በቴሌግራም ይላካል፤ የስልክ ማዞሪያዋ ሠራተኛ ከፊቷ አድርጋ ታነበዋለች፤ በባሕር ዳር ባለው አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) ሬዲዮ ይነገራል። አሚኮ በአዊኛ፣ በኽምጣናና በአፋን ኦሮሞ ጭምር እንደሚያሰራጭ አይርሱ፤ የክልል ቢሮ ከሆኑ ከእንጅባራ ወይም ከሰቆጣ ለሚመጣው ባለጉዳይ ዋና ዋናዎቹን ገጾች ማስተርጎም የዕቅዱ አካል ነው። «ቴሌግራም ካለ ድረ ገጽ ለምኔ» ለሚሉም መልሱ ቀላል ነው፦ የቴሌግራም መልእክት በአዲስ መልእክት ተሸፍኖ ይወርዳል፤ ከስድስት ወር በኋላ የሚፈልገው ሰው የትኛው ትክክል እንደሆነ አያውቅም። የማይነቃነቅ አንድ ገጽ ይኑር፣ ቴሌግራሙ ወደዚያ ይምራ።

ገጹ ከመለቀቁ በፊት ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ በሆኑ አራት አምስት ሰዎች ይፈተን። ስልኩን ሰጥተው «አባትዎ ሞተው የሞት ምስክር ወረቀት ሊያወጡ ነው፤ ነገ ምን ይዘው፣ የት ይሄዳሉ?» ብለው ይጠይቁና ዝም ብለው ይመልከቱ። አያስረዱ፣ አይጠቁሙ። ጣታቸው የቆመበትን፣ መልሰው ያነበቡትን፣ የተሳሳቱትን ይጻፉ፤ የሚታረመው ጽሑፉ ነው። ቢቻል አንዱ ማንበብ የሚያስቸግረው፣ ሌላ ሰው የሚያነብለት ይሁን።

ለጅምር ግን ዐሥሩንም አይጠብቁ፤ በወቅቱ ከሚመጣው አንዱን ይያዙ። ንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደስበት ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሆኖ ቆይቷል። ይህ ጉዳይ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ከሆነ ገጹ በግንቦት ተጽፎ በሰኔ ይፈተን። ከሐምሌ ጀምሮ ፊተኛው ገጽ ላይ ይቀመጥ፤ ጥር 1 ቀን ደግሞ የመጀመሪያው መስመር ስለ ቅጣቱ ወደሚናገረው ይለወጥ። መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛም ወረቀት ጎድሎት የተመለሰውን ባለጉዳይ ሁሉ በአንድ ሰረዝ ይመዝግብ፤ ገጹ ከመውጣቱ በፊት ባለው ሁለት ሳምንትና ከወጣ በኋላ ባለው ሁለት ሳምንት። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርገው ለኃላፊው ያስገቡ፤ የሚቀጥለውን ገጽ ለመጻፍ ጊዜና ሰው የሚጠይቁበት ማስረጃ እሱ ነው።